ከሌሊት ፈረቃ ወደ ጧት ክፍል
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበራችን ጸሐፊ ስለ ሌሊት ሥራ እንድንናገር በጠየቁን ጊዜ ነገሩ መጀመሪያ ቀልድ መስሎን ነበር። በዚህ ግቢ ውስጥ የእኛ ስም «እንቅልፋሞቹ» እንደ ሆነ እናውቃለንና። በጧቱ የሁለት ሰዓት ትምህርት በኋለኛው መደዳ ተቀምጠን አገጫችንን በደብተራችን ላይ የምንጥለው፣ መምህሩ ስማችንን ሲጠሩ ብድግ ብለን ላልተጠየቅነው ጥያቄ መልስ የምንሰጠው እኛው ነን። ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ግን ለዚህ ይቅርታ ለመጠየቅ ብቻ አይደለም። ይቅርታ ልንጠይቅበት የሚገባን ሌላ ነገር አለ፤ ወደ እርሱ ቀስ ብለን እንደርሳለን።

እኛ አምስት ነን። ከከተማው ዳር ባለ አንድ የፈትል ፋብሪካ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንሠራለን። የፋብሪካውን ስም አንጠራም። በደንቡ ፈረቃው በየሳምንቱ ይዞራል፤ አንድ ሳምንት ጧት፣ አንድ ሳምንት ከቀትር በኋላ፣ አንድ ሳምንት ሌሊት። እኛ ግን ቀን የምንማር ስለ ሆንን ከሌሎች ጋር እየተለዋወጥን ሌሊቱን ሁሉ ለራሳችን ወስደናል። ሌሊቱን የሚሰጠን ሰው አጥተን አናውቅም። ያን ጊዜ ይህን እንደ ዕድል ቈጥረነው ነበር፤ ሰው ሁሉ በደስታ የሚሰጥህን ነገር ከመቀበልህ በፊት አገላብጠህ ማየት እንደሚገባ አላሰብንም።

ፋብሪካ ስለ ምን ሌሊት ይሠራል? ሆስፒታል ሌሊት የሚሠራበት ምክንያት ግልጥ ነው፤ በሽተኛው እስኪነጋ አይቆይም። ጥጥ ግን ይቆያል። የማይቆየው በመኪናው ላይ የወጣው ገንዘብ ነው። መኪናው በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ ቢሠራም ባይሠራም ያረጃል፤ የባንክ ወለዱም ሌሊት አይተኛም። ስለዚህ ባለቤቱ ሃያ አራቱንም ሰዓት ሊያሠራው ይፈልጋል። ይህ አሳብ ከመኪናው ጋር አብሮ የተወለደ ነው። በእንግሊዝ አገር አርክራይት በክሮምፎርድ ባቋቋመው የፈትል ፋብሪካ ገና በ18ኛው መቶ ዓመት ቀንና ሌሊት ይሠራ ነበር፤ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የጋዝ መብራት ወደ ፋብሪካ ሲገባ ደግሞ ጨለማ ምክንያት መሆኑ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1906 በበርን ከተማ የተሰበሰቡ መንግሥታት ሴቶች በኢንዱስትሪ ውስጥ ሌሊት እንዳይሠሩ ተስማሙ። በጃፓን ሕጉ በፈትል ፋብሪካዎች ላይ የጸናው እ.ኤ.አ. በ1929 ነው። በእኛም አገር የባሕር ዳሩ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከኢጣልያ የጦር ካሣ በ1953 ዓ.ም. ከተቋቋመበት ዘመን ጀምሮ፣ በ2008 ዓ.ም. እስከ ተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ድረስ፣ የክርና የልብስ ሥራ ይበልጡን በወጣት ሴቶች እጅ ያለ ነው።

አሁን ወደ ክፍላችን እንግባ። እናቶቻችን በአንዲት እንዝርት ይፈትሉ ነበር፤ እኛ የምንጠብቀው መኪና በመቶ የሚቈጠሩ እንዝርቶች አሉት። ሥራችን በመኪናዎቹ መካከል ወዲያና ወዲህ እየተመላለስን የተበጠሰውን ክር መቀጠል ነው። አየሩ ከደረቀ ክሩ ስለሚበጠስ ቤቱ ሆን ተብሎ በእርጥበት ይሞላል፤ ሙቀቱም አይጣል ነው። ድምፁ በጆሮ ብቻ ሳይሆን በጥርስ ይሰማል፤ ስለዚህ የምንነጋገረው በእጅ ምልክትና በከንፈር ነው። ብናኙ በቅንድብ ላይ ይሰፍርና የሃያ ዓመቱን ልጅ ሽማግሌ ያስመስለዋል። ከእረፍት ቀን በኋላ በመጀመሪያው ፈረቃ ደረት የሚያጣብቅ ሕመም አለ፤ ሐኪሞች ቢሲኖሲስ ይሉታል፤ ከጥጥ ብናኝ የሚመጣ ነው። የቆዩት ሠራተኞች ግን ስም አያወጡለትም፤ «ዛሬ ሰኞ ነው» ብለው ያልፉታል።

እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ሌሊቱ ቀላል ነው። ሻይ አለ፤ ጨዋታ አለ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ግን ሌላ አገር ነው። ከእኛ ጋር የሚሠሩ አንዲት እናት አሉ፤ ሁላችንም «እትዬ» እንላቸዋለን። በመጀመሪያው ሳምንት ጠሩንና «ልጆቼ፣ ከዘጠኝ በኋላ እንዳትቀመጡ። የተቀመጠ አይነሣም» አሉን። እኛ የሥነ ሕይወት ትምህርት ተምረናልና ፈገግ አልን። በኋላ መጽሐፉን ገልጠን ስናየው እትዬ ልክ ነበሩ። በአንጎል ውስጥ በዓይን ብርሃን የሚታረም ሰዓት አለ፤ የዚህን ሰዓት አሠራር የመረመሩ ሦስት አሜሪካውያን፣ ሆል፣ ሮስባሽና ያንግ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤልን ሽልማት አግኝተዋል። የሰውነት ሙቀት እጅግ ዝቅ የሚለው፣ ንቃትም የሚደክመው ሊነጋጋ ሲል፣ በአሥር ሰዓት አካባቢ ነው። ቀን የተኛ ሰው ይህን ሊያመልጥ ይመስለዋል፤ ግን ወደ ቤቱ ሲሄድ ፀሐይዋ ዓይኑን ስለምታገኘው ሰዓቱ ተመልሶ ወደ ቀን ይዞራል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም እ.ኤ.አ. በ2007፣ እንደ ገናም በ2019፣ የሌሊት ፈረቃን በሰው ላይ ካንሰር ሳያመጡ አይቀሩም ከሚባሉት ነገሮች መደብ አስገብቶታል። በአሜሪካ የስሪ ማይል አይላንድ የአቶሚክ ጣቢያ አደጋ እ.ኤ.አ. በ1979 የጀመረው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ነበር፤ የቼርኖቢሉም እ.ኤ.አ. በ1986 ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ነው። የእነዚያ አደጋዎች ምክንያት ብዙ ነው፤ እንቅልፍ ብቻ ነው አንልም። ሰዓቱን ግን ልብ በሉ።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ደረስን።

ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። መኪናዎቹ በአንድ ጊዜ ዝም ሲሉ የሚመጣውን ጸጥታ ላልሰማ ሰው መግለጥ ያስቸግራል፤ የዝናቡ ድምፅ በጣራው ላይ ተሰማ። አንድም ሰው ሳይናገር ሁሉም ባለበት ወደቀ፤ ከፊሉ በጥጥ ክምር ላይ፣ ከፊሉ በሲሚንቶው ላይ። እኛም ተኛን። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ መብራቱ መጣ። ካቦው ፊሽካ ነፋ። መብራት ሲጠፋ ክሩ ሁሉ ስለሚበጠስ እንደ ገና አንድ በአንድ መቀጠል አለበት፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ ከእንቅልፉ ተነሥቶ ሮጠ። ከገጠር ከመጣች ዓመት ያልሞላት አንዲት እኅታችን፣ ዓይኗ ገና ሳይገለጥ፣ በመኪናው ጫፍ የተጠመጠመውን ጥጥ ልታነሣ እጇን ሰደደች። እዚያ ያለው የጥርሶቹ መክደኛ ለጥገና ከተነሣ ቀናት አልፈውት ነበር። የቀኝ እጇን ሌባ ጣት ከመጀመሪያው አንጓ ላይ ወሰደው። ክር የሚቀጠለው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሆኑን ልብ በሉልን።

እርሷን በሰርቪሱ መኪና ወደ ሐኪም ከላኩ በኋላ ካቦው ወደ እኛ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እርሱም እንደ እኛ ያልተኛ ሰው ነው። «እናንተ ምሁራን ናችሁ፤ ሪፖርቱን አሳምራችሁ ጻፉልኝ» አለን። እኛም ጻፍን። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ኩራትም ተሰማን፤ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ብዕር የተሰጠን እኛ ነበርንና። «ሠራተኛዋ እንቅልፍ ይዟት ሳለ በራሷ ጥንቃቄ ጉድለት» ብለን ጻፍን። ቃሉን ካቦው ነገረን፤ ሰዋስዉን እኛ አረምን። ስለ መክደኛው ያሳሰበን አልነበረም፤ እኛም አላነሣነውም። ስማችንና ፊርማችን ከሥሩ አለ። በንጋቱ 12 ሰዓት ወጣን፤ በሁለት ሰዓት በክፍል ውስጥ ተገኘን፤ የዚያን ዕለት ደግሞ አንዳችንም አልተኛንም።

በዚያ ወረቀት ምክንያት ልጅቱ ያለ ደመወዝ ዕረፍት ተሰጣት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከመካከላችን አንዱ ስለ ሌላ ጉዳይ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ገለጠ። አዋጁ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖረው እንኳ ኃላፊ እንደሚሆን ይናገራል። ኃላፊነቱ የሚቀረው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ሲጎዳ ነው፤ ይኸውም በግልጥ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ሲጥስ ወይም ሰክሮ ሥራ ላይ ሲገኝ የመሰለ ነው። እንቅልፍ በዚያ ውስጥ የለም። ለተጎዳ ሠራተኛ የሕክምናው ወጪ የአሠሪው ነው፤ ደመወዙም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወሮች ሙሉው፣ በሚቀጥሉት ሦስት ወሮች ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ስድስት ወሮች ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈለዋል። መጽሐፉ ከምናጠናበት ጠረጴዛ አሥር እርምጃ አይርቅም ነበር።

በዚያው ገጾች ስለ ራሳችንም አንድ ነገር አነበብን። ሌሊት የሚሠራ ሰው አንድ ከሦስት አራተኛ እጥፍ ይከፈለዋል የሚለውን ወሬ ሁላችሁም ሳትሰሙት አትቀሩም። ያ ለትርፍ ሰዓት ሥራ ነው። ፈረቃው በሌሊት ለወደቀበት ሰው ስምንቱ ሰዓት መደበኛ ሰዓት ስለ ሆነ፣ የኅብረት ስምምነት ካልጨመረለት በቀር፣ ዋጋው የቀን ያህል ነው። እርጉዝ ሴትና ወጣት ሠራተኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳይሠሩ ግን ሕጉ ይከለክላል። እትዬ ይህን ስንነግራቸው ሳቁ። የመጨረሻ ልጃቸውን እስከ ሰባተኛ ወራቸው ሌሊት እየሠሩ እንደ ተሸከሙት ነገሩን፤ ቀን ቀን ደግሞ ልጆች እየጠበቁ፣ ገበያ እየሄዱ፣ እንጀራ እየጋገሩ። «መቼ ይተኙ ነበር?» ብንላቸው «በቅዳሴ» አሉን።

ሁለተኛ ወረቀት ጻፍን። መክደኛው እንዳልነበረ፣ መብራቱ ስንት ሰዓት እንደ ጠፋና እንደ መጣ፣ የመጀመሪያውንም ቃል እኛ እንደ ጻፍነውና ትክክል እንዳልሆነ ገለጥን። ከአምስታችን አራታችን ፈረምን። አምስተኛው አልፈረመም። በእርሱ ደመወዝ ሁለት ታናናሾቹ ይማራሉ፤ ከሥራ ቢወጣ ምን እንደሚሆኑ ያውቃል። አልወቀስነውም፤ አሁንም ከእኛ ጋር በዚህ መድረክ ላይ ቆሟል። አንዱን ቅጂ ለፋብሪካው አስተዳደር፣ አንዱን ለሠራተኛ ማኅበሩ ሰጠን። ከአስተዳደሩ መልስ አልመጣም። የማኅበሩ ሰዎች ግን ጉዳዩን ወደ ሥራ ክርክር ችሎት ለማድረስ አቤቱታውን በሕግ ቋንቋ የሚያዘጋጅላቸው ሰው እንደሚፈልጉ ነግረውናል።

ስለዚህ የምንለምነው ይህን ነው። ከሕግ ትምህርት ክፍል ሁለት ወይም ሦስት ሰው ቢገኝልን፣ እሑድ ከቀትር በኋላ ወደ ሠራተኛ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አብረን እንሄዳለን። ልጅቱም ትመጣለች። መምህሮቻችንን ደግሞ የምንለምነው ስንተኛ እንድትተዉን አይደለም። አንድ መምህራችን እንቅልፍ ሲወስደን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያስተምራሉ፤ ደግነታቸውን እናመሰግናለን፤ ግን የዚያን ዕለት ትምህርት አጥተነዋል። ቀስቅሱን። የሚቻል ከሆነ ደግሞ የጧቱ ላቦራቶሪ ከቀትር በኋላ የሚደገምበት አንድ ቀን ቢኖር አራት ሰዓት ያህል ተኝተን እንመጣለን።

ጥያቄ ያላችሁ አሁን ጠይቁን። ሰርቪሱ በሦስት ሰዓት ተኩል በበሩ ላይ ይቆማል፤ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይጠብቅም።