ከመሣሪያው በፊት የሚመጣው ጥያቄ



«የተሻለ ጊታር ቢኖረኝ ኖሮ» የሚለው ቁጭት በወጣት ሙዚቀኞች ዘንድ የተለመደ ነው። ይህን አስተሳሰብ በኩዊን ባንድ ጊታሪስት በብራያን ሜይ ምርጫዎች አማካይነት እንመርምር።

ሜይ የሚመኘውን ፌንደር ጊታር ለመግዛት አቅም ስላልነበረው፣ በ1963 እ.ኤ.አ. ከአባቱ ጋር የራሱን መሥራት ጀመረ። አንገቱ ከአሮጌ የእሳት ምድጃ እንጨት ተጠረበ፤ የክሮቹን ውጥረት የሚቋቋሙት ሞላዎች ከአሮጌ ሞተር ብስክሌት ተወሰዱ። ይሁን እንጂ ሥራውን የመራው የገንዘብ እጦት ብቻ አልነበረም። የማጉያው ድምፅ ተመልሶ ክሮቹን እንዲያንቀጠቅጥና ኖታው እንዲዘልቅ ስለፈለገ፣ የጊታሩን አካል ውስጡ በከፊል ባዶ እንዲሆን አደረገ።

የፕላስቲክ መምቻ ስለሚተጣጠፍበት የስድስት ፔንስ ሳንቲም መረጠ፤ ጥንካሬው የክሩን ንዝረት ለጣቶቹ ያደርሳል፣ ጥርሳም ጠርዙም ለድምፁ ሻካራ ለዛ ይሰጠዋል። ቮክስ ኤሲ30 ማጉያውን እስከ መጨረሻው ከፍቶ፣ የድምፁን ልስላሴና ጉርናኔ በጊታሩ መቆጣጠሪያ ይመጥናል።

በእነዚህ ሁሉ ቀዳሚው የተፈለገው ድምፅ ነው፤ ዕቃው ተከታይ ነው። ስለዚህ ከሜይ መማር ሳንቲሙን መቅዳት አይደለም።

እርግጥ ነው፣ ቅኝቱን የማይጠብቅ ጊታር ጆሮን ያበላሻልና ሊለወጥ ይገባል። ከዚህ ውጭ ግን ለዓመታት የቆጠባችሁትን ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት «ይህ ዕቃ ዛሬ ማውጣት ያልቻልሁትን የትኛውን ድምፅ ይሰጠኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካጣችሁ ገንዘቡ ይቆይ፤ ልምምዱ ግን አይቆይ።