ስለ እስፓኝኛ የኃላፊ ዘንድ አንቀጽ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው እስፓኝኛ የምንማረውን ሁሉ ስለሚያስቸግር አንድ የግሥ እርባታ ነው። እስፓኞች «ኢምፐርፌክቶ ደ ሱብሁንቲቦ» ይሉታል፤ እኛ ከግዕዝ ሰዋስው ቃል ተውሰን የኃላፊ ዘንድ አንቀጽ እንበለው። ብዙዎቻችን ሠንጠረዡን እንደ ዳዊት እየደገምን፤ ለምን እንደሚያገለግል ግን ሳናውቅ ለፈተና እንቀርባለን። ጉዳቱም ከማርክ ያልፋል፤ የተመኘነውን ነገር ተፈጸመ ብለን እስከ መናገር ያደርሰናል።

በመጀመሪያ አሠራሩን እንመልከት። ከኃላፊው ግሥ «እነርሱ» የሚለውን መደብ እንወስዳለን። አብላር (መናገር) አብላሮን፤ ኮሜር (መብላት) ኮሚዬሮን፤ ቢቢር (መኖር) ቢቢዬሮን ይላል። ከመጨረሻው «ሮን» የሚለውን ቆርጠን «ራ» ብንቀጥልበት አብላራ፤ ኮሚዬራ፤ ቢቢዬራ እናገኛለን። በስድስቱ መደብ ሲረባም አብላራ፣ አብላራስ፣ አብላራ፣ አብላራሞስ፣ አብላራይስ፣ አብላራን ይሆናል። በ«ራ» ፈንታ «ሴ» አድርጎ አብላሴ ማለትም ትክክል ነው፤ በንግግር ግን «ራ» ይበዛል። አብላራ ስንል ድምፃችን የሚከብደው በ«ብላ» ላይ መሆኑን አንርሳ። በመጨረሻው «ራ» ላይ ያከበድነው እንደ ሆነ «ይናገራል» የሚል የትንቢት ግሥ ይሆንብናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንለፍ። «ሌ ፒዶ ኬ አብሌ» ማለት «እንዲናገር እለምነዋለሁ» ማለት ነው። «ሌ ፔዲ ኬ አብላራ» ማለት ደግሞ «እንዲናገር ለመንሁት» ማለት ነው። በአማርኛችን ልመናው የዛሬም ይሁን የትናንት፤ «እንዲናገር» የሚለው አይለወጥም። በእስፓኝኛ ግን ልመናው ካለፈ ተከታዩ ግሥ አብሮት ይለወጣል። እኛ የምንሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ሰውዬው ይናገር አይናገር ግሡ አልመሰከረም፤ በአብላራ ፈንታ «ተናገረ» የሚለውን ግሥ የጻፈ ተማሪ ግን ልመናን ወሬ አድርጎታል።

ሁለተኛው መሰናክል «ሲ» ማለት «ብ» ወይም «ቢ» የሚለው ነው። «ማድሪድ ብኖር እስፓኝኛ እናገር ነበር» ለማለት «ሲ ቢቢዬራ ኤን ማድሪድ፣ አብላሪያ ኤስፓኞል» እንላለን። አማርኛ «ነበር»ን በመጨረሻ ያስቀምጣል፤ እስፓኝኛ ግን የኃላፊውን መልክ የሚሰጠው ከ«ሲ» ቀጥሎ ላለው ግሥ ነው። እኛም በመጀመሪያው ፈተናችን በሁለቱም ቦታ «ሪያ» ብለን ጽፈን ቀይ መስመር ተሰምሮብናል።

ሆኖም ሁለቱ ቋንቋዎች በአሳብ ይገናኛሉ። «እናገር ነበር» ስንል «ነበር» ትናንትን አያመለክትም፤ ነገሩ ከእውነት መራቁን ያመለክታል። የእስፓኝኛው «ራ»ም እንዲሁ ነው። ይህ «ራ» በላቲን ከሌላ ድርጊት አስቀድሞ በእርግጥ የተፈጸመውን መናገሪያ ነበረ፤ ዘመን ሲያልፍ ግን ያልተፈጸመውንና የሚታሰበውን መናገሪያ ወደ መሆን አዘነበለ።

ስለዚህ፤ ጓደኞቻችን ሆይ፤ ከመጻፋችን በፊት ራሳችንን እንጠይቅ። ነገሩ ተፈጽሟልን? ወይስ የተለመነ፣ የተፈራ፣ የተመኙት ብቻ ነው? ዋናው ግሥስ አልፏልን? ይህን የለየ ተማሪ ሠንጠረዡ ቢጠፋው እንኳ «ሮን»ን ቆርጦ ያገኘዋል።

መምህሮቻችንም ከሠንጠረዡ በፊት ዐረፍተ ነገሩን ቢያስቀድሙልን ደስ ይለን ነበር። ይህንን በ«ቢ» እና በ«ነበር» ማለታችንን ልብ ይሏል፤ ምኞት ነው እንጂ ወቀሳ አይደለም።