ኬሚካላዊ ትስስርና የሲሬ ቀይ አፈር



በውድ ዋጋ የተገዛ ማዳበሪያ ተጨምሮበትም በቆሎው የሚቀጭጭበት ማሳ አለ። አንዱ ምክንያት ኬሚካላዊ ትስስር ነው።

አቶሞች የሚተሳሰሩት በውጫዊ ኤሌክትሮኖቻቸው አማካይነት ነው። ሶዲየም አንድ ኤሌክትሮን ለክሎሪን ሲለቅ፣ ሁለቱ ተቃራኒ የኤሌክትሪክ ሙል ይዘው ይሳሳባሉ፤ የገበታ ጨው ይሆናሉ። ይህ አዮናዊ ትስስር ይባላል። በውሃ ውስጥ ግን ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ኤሌክትሮኖችን ይጋራሉ፤ ይህም ኮቫለንታዊ ትስስር ነው።

በማዳበሪያው ፎስፌት ውስጥም ፎስፎረስና ኦክስጅን በመጋራት ተሳስረዋል። የሰብሉ ሥር የሚመገበው ይህንኑ ፎስፌት ነው። ለዘመናት ዝናብ ካልሲየሙን አጥቦ በወሰደበት አሲዳማ ቀይ አፈራችን ግን ብረትና አሉሚኒየም ቀድመው በጽኑ ያስሩታል። ስለዚህ የአርሶ አደሩ ገንዘብ ከማሳው አልወጣም፤ ሰብሉ ሊደርስበት በማይችል እስር ቤት ተዘግቶበታል እንጂ።

ቁልፉ ኖራ ነው። ካልሲየም ካርቦኔት የአፈሩን አሲድነት ሲቀንስ፣ ሥርን የሚመርዘው አሉሚኒየም ከውሃው ተለይቶ ይዘቅጣል፤ ፎስፌትም ለሰብሉ ይተርፋል።

እንግዲህ አፈራችንን እናስመርምር። ፒኤቹ ከ5.5 በታች ከሆነ፣ ከማዳበሪያው በፊት ኖራ ይቅደም።