ተጣጣፊው የአየር ቱቦ፦ ይጠረግ ወይስ ይለወጥ?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናገርበት ርእስ ከድልድይና ከግድብ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ይሁን እንጂ በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ቤት ገዝተን ለምንኖር ሰዎች ከኮርኒሳችን በላይ ስለተዘረጋው የአየር ቱቦ የሚናገር ማስታወቂያ በየጊዜው በፖስታ ይደርሰናል። ቱቦው መቆሸሹን፣ ቆሻሻው ለጤና ጠንቅ መሆኑን፣ በጥቂት ዶላርም ሊጠረግ እንደሚችል ይነግረናል። እኔም መሐንዲስ ነኝ እያልሁ ይህንኑ አምኜ ገንዘቤን ከፍያለሁ። ንግግሬ የሚነሣው ከዚሁ ስሕተቴ ነው።

ተጣጣፊው ቱቦ ሦስት አካላት አሉት። በውስጥ በኩል በተጠመዘዘ የብረት ሽቦ ላይ የተለበጠ ስስ የፕላስቲክ ገለፈት፣ በመካከል ሙቀት እንዳያልፍ የሚያግድ የፋይበር ግላስ ጥጥ፣ በውጭ ደግሞ እርጥበት የማያሳልፍ ሽፋን አለው። ከላሜራ የተሠራ ቱቦ ቢቆሽሽም ቅርጹ አይለወጥም፤ ብሩሽ ቢፈትገውም ይችላል። ተጣጣፊው ግን ቅርጹን የሚጠብቀው በሚገባ ተወጥሮና ተደግፎ ሲንጠለጠል ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት፣ ቱቦው ንጹሕ ነው ወይ ብለን ከመጠየቃችን በፊት፣ አሁንም ቱቦ ነው ወይ ብለን መጠየቅ ይገባናል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ በቤታችን መጨረሻ ባለው መኝታ ክፍል ተቀመጠች። ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠራ ነው። በሐምሌ ሙቀት፣ «ልጄ፣ የዚህ ቤት ሙቀት ሁሉ እኔ ክፍል ነው እንዴ የሚያድረው?» ትለኝ ነበር፤ ያስላትም ነበር። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ድርጅት ሁለት ወጣቶች ላከልኝ፤ በመሰርሰሪያ የሚሽከረከር ብሩሽ በየቱቦው እየሰደዱ ሥራቸውን ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ጨርሰው ሄዱ። ከሳምንት በኋላ እናቴ አንሶላዋን ወደ መስኮቱ ይዛ ጠራችኝ። በብርሃኑ ላይ የሚያብለጨልጭ፣ ቆዳን የሚያሳክክ ደቃቅ ጭረት ነበረበት።

ያን ዕለት የእጅ ባትሪ ይዤ ወደ ጣሪያው ሥር ወጣሁ። ብሩሹ የአንዱን ቱቦ ገለፈት ሁለት ስንዝር ያህል ቀዶታል፤ ጥጡም በነፋሱ እየተነቀለ ወደ መኝታ ክፍሉ ይሄዳል። የባሰው ግን ከብሩሹ በፊት የነበረው ጉድለት ነው። ወደ እናቴ ክፍል የሚሄደው ቱቦ በአንድ የጣሪያ እንጨት ላይ ታጥፎ ተጨፍልቋል፤ ከዋናው የአየር ሳጥን ጋር የሚገናኝበትም አንገት ግማሹ ወልቆ የቀዘቀዘው አየር በባዶ ጣሪያ ሥር ይበተናል። ይህን ማንም ቢጠርገው አይድንም።

የአሜሪካ መንግሥት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1997 ለቤት ባለቤቶች ባሳተመው መመሪያ የቱቦ ጠረጋ የጤና ችግርን እንደሚከላከል በጥናት ተረጋግጦ እንደማያውቅ ገልጿል። ጠረጋ ሊታሰብ የሚገባው በዐይን የሚታይ ብዙ ሻጋታ ሲኖር፣ አይጥ ወይም ነፍሳት ሲገቡበት፣ ወይም ቱቦው በአቧራና በፍርስራሽ ሲታፈን ነው። ጥጡ ከራሰ ወይም ከሻገተ ግን ጠርጎ ማዳን ስለማይቻል መለወጥ እንዳለበት ይኸው መመሪያ ይናገራል። ለተጣጣፊው ቱቦ ወሳኙ ይህ ነጥብ ነው፤ ጥጡ በሁለት ሽፋኖች መካከል ስላለ ብሩሹም መጥረጊያውም አይደርሱበትም። በበጋ የውጪው ሽፋን ሲሰነጠቅ የአካባቢያችን እርጥብ አየር ቀዝቃዛውን ገለፈት አግኝቶ ወደ ውሃነት ይለወጣል። አይጥ የገባበትንም ቱቦ እኔ በበኩሌ አስወግደዋለሁ እንጂ አላስጠርገውም።

ታዲያ ጠረጋ መቼ ይበጃል? ቤት ታድሶ የጂፕሰም ብናኝ ሲገባ፣ ቱቦው ደረቅ፣ ያልተቀደደና በሚገባ የተወጠረ ከሆነ ይጠረግ። ሥራው የሚካሄደው ግን ብናኙን በኀይለኛ መምጠጫ እየሳቡ፣ ለገለፈቱ በሚስማማ ለስላሳ መሣሪያ መሆን አለበት። መመሪያው የጠረጋን ዋጋ ለአንድ ሥርዓት ከ450 እስከ 1,000 ዶላር ይገምተዋል። ከዚያ እጅግ ያነሰ ዋጋ የሚጠራ ሰው ሲመጣ ምን ሊሠራ እንደመጣ መጠየቅ ነው።

ስለ ጭፍለቃው ጥቂት ልጨምር፤ ለእኛ ሙያ የቀረበው ይህ ነውና። የአየሩ መጠን ሳይለወጥ የቱቦው ስፋት ሲቀንስ የግፊቱ ብክነት በግምት በአምስተኛ ኀይል ይጨምራል። ባለ 6 ኢንች ቱቦ ወደ 5 ኢንች ቢጠብ ብክነቱ ወደ ሁለት ተኩል እጥፍ ይደርሳል። ሳይወጠር ተኮማትሮ የተተወ ቱቦም፣ ሽንሽኑ አየሩን ስለሚያውክ፣ ብክነቱ በብዙ እጥፍ ያድጋል። የሙያው ደንብ በሁለት ማንጠልጠያዎች መካከል የሚፈቅደው ርግበት በአንድ ጫማ ርዝመት ግማሽ ኢንች ብቻ ነው፤ የማንጠልጠያው ቀበቶም ቱቦውን እንዳይቆርጠው ቢያንስ 1 ተኩል ኢንች ስፋት ይኑረው። አሮጌውን አውጥቶ አዲሱን በዚያው መታጠፊያ ላይ መጣል ግን ዕቃ መለወጥ እንጂ ጥገና አይባልም።

መጋጠሚያውን በተመለከተ፣ በተለምዶ ዳክት ቴፕ የምንለው የጨርቅ ፕላስተር ስሙ ከቱቦ ጋር ቢያያዝም ለቱቦ አይሆንም፤ በሎውረንስ በርክሌይ ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1998 ይፋ የሆነው ፍተሻ ይህንኑ አሳይቷል። ማስቲክ የሚባለው ማጣበቂያና ማሰሪያው ይሻላሉ። በአንድ ተራ ቤት በቱቦ ከሚተላለፈው አየር ከ20 እስከ 30 በመቶው በቀዳዳና በላላ መጋጠሚያ እንደሚባክን ይገመታልና፣ ብዙ ጊዜ ጠራጊ ከመጥራት አንድ ጣሳ ማስቲክ መግዛት ይቀድማል።

እኔ ሦስት ቱቦዎችን ብቻ ለወጥሁ፤ የቀሩትን ወጥሬ አንጠለጠልሁ፤ መጋጠሚያዎችን ሁሉ አሸግሁ። የእናቴ ክፍል ቀዘቀዘ። ሳሏ ከቱቦው የመጣ ነበር ለማለት ግን ማስረጃ የለኝም፤ የተሻላት ሐኪም ካያት በኋላ ነው፤ ሁለቱን አያይዤ ብናገር ማስታወቂያውን ከላኩት ሰዎች በምን እለያለሁ?

የተቀደደውን ቱቦ ቁራጭ ይዤ መጥቻለሁ፤ በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። የምትመለከቱት ሁሉ ጓንት አድርጉ፤ ጥጡ አሁንም ያሳክካል።