ነፋሱን አትዝጉበት

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ከሥራ አስቆምኳችሁ፤ ብዙ አልይዛችሁም። የሰበሰብኳችሁ በሁለተኛው ግሪንሃውስ ጉዳይ ነው። ሦስት መደብ ቲማቲም አበባውን አራግፏል። ማክሰኞ ደግሞ አንዲት እህታችን እዚያው ውስጥ ራሷን ስታ ወደቀች። ፈጣሪ ይመስገን፣ ዛሬ አብራን አለች። ሁለቱንም ያመጣው አንድ ልማድ ነው፤ በጠራራ ፀሐይ የጎን መጋረጃውን አውርዶ መዝጋት።

ለምን እንደምትዘጉ ይገባኛል። አቧራ አለ፣ ነፋስ አለ፣ ፍየል አለ። ብዙዎቻችን ሥራውን የለመድነው ደግሞ ሆለታ ነው። እዚያ ሐምሌ ዝናብና ብርድ ስለሆነ መዝጋት ያዋጣል። እኛ ባለንበት ሐርጌሳ ግን ሐምሌ ሶማሌዎቹ ሐጋ የሚሉት፣ ሙቀትና ነፋስ ያለበት ወቅት ነው። ከተማዋ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች እንደ በርበራ አታቃጥልም፤ ውጭው 30 ዲግሪ ቢሆን ነው። የተዘጋ ላስቲክ ውስጥ ግን ከ40 ያልፋል። የቲማቲም አበባ ደግሞ 35 ዲግሪ ካለፈ ብናኙ ይበላሻል፣ ፍሬ አይቋጥርም።

ይቺን አበባ ቀረብ ብላችሁ እዩልኝ። እግሯ ላይ አንጓ አለች፣ አንጓዋ ቢጫ ሆናለች። በጣቴ ነካ ሳደርጋት... ይኸው ወደቀች። ሥሯ እርጥብ ነው፤ ውኃ አልጠማትም። ታፍና ነው።

አንተ ወንድሜ፣ ራስህን ስትነቀንቅ አየሁ። «ከፈትነው ስንል ነፋሱ ላስቲኩን ይዞት ይሄዳል» ልትል ነው። እሺ፣ የያዝኩትን ወረቀት ልተወውና በዚህ እንነጋገር። የሐጋ ነፋስ ከደቡብ ምዕራብ ነው የሚመጣው። በዚያ በኩል መጋረጃውን ከግማሽ በላይ አትክፈት። በተቃራኒው በኩል ግን እስከ ላይ ጠቅልለው፤ የጣሪያውንም መተንፈሻ ክፈት። ላስቲክ የሚቀደደው ነፋስ ገብቶ መውጫ ሲያጣ ነው፤ እንደ ፊኛ ይነፋዋል። መውጫ ካገኘ ሙቀቱን ይዞልን ይወጣል። አበባውንም ያወዛውዝልናል፤ ቲማቲም ካልተወዛወዘ በደንብ አያፈራም። ፍየሏን ደግሞ አጥር ይከልክላት፤ ለእሷ ብለን ተክሉን አናፍንም። ነፍሳት የሚከላከለው መረብም በአቧራ ሲደፈን ከተዘጋ መጋረጃ አይሻልም፤ በየሳምንቱ ይታጠብ።

የጥላ መረቡንም ሁላችሁ ወደ ደቡብ ብቻ ስትዘረጉ አያለሁ። ይህ ለአውሮፓ ነው የሚሠራው። እኛ ያለነው ከምድር ወገብ በላይ 9 ዲግሪ ተኩል ላይ ነው፤ በሰኔና በሐምሌ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት። ካላመናችሁኝ ዛሬ 6 ሰዓት ላይ ደጅ ቁሙ፤ ጥላችሁ ወደ ደቡብ ሲወድቅ ታያላችሁ። ስለዚህ ጣሪያውንና ሰሜኑን ሸፍኑ። እሱም ከ5 እስከ 9 ሰዓት ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ከዋለ፣ ደመና ሲሆንም ካልተነሣ፣ ተክሉ ብርሃን ፍለጋ ይመዘዛል፤ ግንዱ ቀጥኖ ፍሬውን መሸከም ያቅተዋል።

ውኃ የምናጠጣው ማለዳ ነው። ረፋድ ላይ የሚያስፈልግ ከሆነ የጥቁሩን ቱቦ ውኃ ወደ ተክሉ ከመልቀቃችሁ በፊት በእጃችሁ ሞክሩት። ፀሐይ ላይ የዋለው ውኃ እጅ ያቃጥላል፤ ሥርንማ እንዴት አያቃጥል? የመጀመሪያውን በባልዲ ተቀበሉትና ሲበርድ አጠጡት። በቦቴ ገዝተን ያመጣነው ውኃ ነው፤ ጠብታው አይደፋ።

አሁን ስለ ራሳችሁ። ከዛሬ ጀምሮ ከ5 እስከ 9 ሰዓት ማንም ውስጥ አይገባም። መልቀምም ማሰርም በጠዋት ያልቃል። ራሱን ያዞረው ሰው ዝም ብሎ አይሥራ፤ ይናገር፣ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ፣ ውኃ ይጠጣ። ቲማቲም እንደገና ይተከላል፤ ሰው ግን አይተከልም።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ቅጠሉ ነግሮን ነበር፤ ጠርዙ ወደ ላይ ሲጠቀለል አይተን አልፈነዋል። ከነገ ጀምሮ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መጋረጃ የሚከፍቱት ሁለት ሰዎች በየተራ ይመደባሉ። የመጀመሪያውን ሳምንት እኔ እገባለሁ። አብሮኝ የሚገባ እጁን ያውጣ።