የምስጋና ቀናችን መቼ ነው?

በንፋስ መውጫና በዙሪያዋ፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ያላችሁ ወገኖች አሁን አጨዳና ውቂያ ላይ ናችሁ። ስለዚህ ዛሬ ስለ መከር ምስጋና እንነጋገር።

አንዳንድ አገሮች ለዚህ የተለየ ቀን አላቸው። አሜሪካኖች በኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ፣ ካናዳውያን በኦክቶበር ሁለተኛው ሰኞ ሥራ ዘግተው ያከብራሉ። ኮሪያውያን ቹሶክ የሚሉት በዓል አላቸው። በእኛ አገርስ? መስከረም 17 መስቀል ሲከበር የደጋው እህል ገና ማሳ ላይ ነው። አብዛኛው ምርት የሚሰበሰበው ከኅዳር ወዲህ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የመከር ምስጋና ተብሎ በአገር ደረጃ ሥራ የሚዘጋበት ቀን የለም።

ታዲያ ቀን ስለሌለን ምስጋና የለንም ማለት ነው? አይደለም! እስቲ ዘሌዋውያን 23ን አንብቡ። እግዚአብሔር በዓላቱን አንድ በአንድ እየዘረዘረ ሳለ፣ መሃል ላይ ሌላ ትእዛዝ ያስገባል፤ አጫጁ የእርሻውን ዳር ለድሃና ለመጻተኛ እንዲተው ያዛል። ለምን እዚያ ቦታ አስገባው? ድሃ የተረሳበት በዓል በእርሱ ፊት በዓል ስላልሆነ ነው።

የአሜሪካኑም በዓል ታሪክ ከጥጋብ አልተነሣም። በ1621 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መከሩን ያከበሩት ስደተኞች፣ ባለፈው የብርድ ወራት ከመካከላቸው ግማሽ ያህሉን ቀብረው ነበር። በቆሎ አዘራሩን ያሳዩአቸው የአገሬው ሰዎች ናቸው፤ በማዕዱም አብረው ተቀመጡ። የተረፉት በሰው እጅ በኩል የመጣውን የእግዚአብሔርን ቸርነት ቀመሱ።

በእኛም አካባቢ ዝናቡ ቀድሞ የቆመበት፣ በረዶ የመታበት ማሳ አለ። ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም ሲጀመር ጋይንትና ስማዳ የገቡበት ምክንያት ይኸው አይደል? ነቢዩ ዕንባቆም እርሻ ባያፈራም በእግዚአብሔር ደስ እንደሚለው ተናግሯል። ግን ልብ በሉ፤ ይህን የተናገረው ስለ ራሱ ነው። ጎተራው ባዶ የሆነበትን ጎረቤት፣ “አይዞህ፣ አመስግን” ብሎ ማለፍ ግን ሌላ ነገር ነው። ወንድሜ፣ መጀመሪያ ቁናውን ይዘህለት ሂድ፤ ከዚያ አብራችሁ ጸልዩ። እህቴ፣ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድገውን ጎረቤትሽን አስቢያት። ያን ጊዜ ምስጋናው ከሁለት ቤት ይወጣል።

ጌታችን ኢየሱስ ከትርፉ አልሰጠንም፤ ራሱን ሰጠን። እንግዲህ ቀን አንጠብቅ። በዚህ ሳምንት እህሉ ወደ ጎተራ ከመግባቱ በፊት፣ አውድማው ላይ ቤተሰባችሁን ሰብስቡ፤ አመስግኑ፤ የጎረቤትንም ድርሻ ለዩ።

አባት ሆይ፣ ስለ ዝናቡም፣ ስለ ዘሩም፣ ስለ በሬውም ጉልበት እናመሰግንሃለን። ያጣውን እንዳናልፈው ዓይናችንን ክፈት። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።