ማፍረስም ሙያ ነው



በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሲጀመር፥ በፒያሳና በሌሎችም ሰፈሮች ብዙ ቤት ሲፈርስ አይተናል። ማፍረስ ግን ጉልበት ላለው ሁሉ የተሰጠ ይመስለናል። እንግዲህ ከመንዝ፥ ከግሼ ወይም ከመርሐቤቴ የመጣ ዘመዳችሁ «በአገሬ አሮጌ ቤት በውል እያፈረስሁ ልተዳደር ነውና መቋቋሚያ አበድሩኝ» ቢላችሁ፥ ከዲጂኖው ዋጋ አስቀድማችሁ የሥራውን ሥርዓት ጠይቁት።

የመንዝ ደጋ ነባር ቤት ግንቡ በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ፥ የጥንት ክዳኑም የጓሣ ሣር ነው። አፍራሽ የሠሪውን መንገድ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ በመጨረሻ የተሠራው በመጀመሪያ ይወርዳል። ክዳኑ፥ ቀጥሎ እንጨቱ፥ ከዚያም ግንቡ ከላይ ወደ ታች ረድፍ በረድፍ ይነሣል። ከሥር ፈልፍሎ መጣል የሚፈጥን ይመስላል፤ ነገር ግን ናዳ ሰው አይመርጥም። ክዳኑ የተነሣ ግንብም ዝናብ ሲያገኘው ይላላልና፥ ሥራው በልግ ሳይገባ ይለቅ።

ትርፉ ያለው ሳይሰበር በሚወርደው ዕቃ ነው። ጥርብ ድንጋዩ፥ ወጋግራው፥ መዝጊያውና ቆርቆሮው ዳግመኛ ቤት ይሆናሉ፤ የመርካቶው ምናለሽ ተራ ለዚህ ምስክር ነው። ስለዚህ ዕቃው ለማን እንደሚሆን፥ ፍርስራሹንም ማን እንደሚያነሣ በውሉ ይጻፍ።

ከሁሉ በላይ፥ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪውን ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ያደርገዋል። አንድ የተቻኮለ ቀን የዓመቱን ትርፍ፥ ይልቁንም የሰውን ሕይወት ይወስዳል።

ዘመዳችሁ ይህን አጥርቶ ከመለሰ አበድሩት፤ ካልመለሰ ግን አስቀድሞ አንድ በጋ ከአዋቂ ጋር ይሥራ።